ትራማዶል መቀነሱ 150 ላይ ቆመብን

ወንድሜ ለሁለት ዓመት በቀን 400 ሚሊግራም ትራማዶል (ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ይወስድ ነበር፤ ባለ 50 ካፕሱል፣ 8 ፍሬ። በአንዴ ማቋረጥ አደገኛ ስለሆነ ከሐኪሙ ጋር በየሁለት ሳምንቱ አንድ ፍሬ እየቀነስን 3 ደረስን፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ። ወደ 2 ስንወርድ ግን በሁለተኛው ቀን ላብ፣ ተቅማጥና የእግር መቁነጥነጥ ጀመረው። ከሁሉ የከፋው ጭንቀቱ ነው፤ ትራማዶል ሴሮቶኒን የተባለውን ከስሜት ጋር የተያያዘ የአንጎል ኬሚካልም ስለሚነካ ስቃዩ የሰውነት ብቻ አይደለም። ወደ 3 ስንመልሰው ተረጋጋ።

ችግሩ ስሌቱ ላይ ይመስለኛል፦ ከ400 ላይ 50 ሲነሳ አንድ ስምንተኛ ነው፣ ከ150 ላይ ግን አንድ ሦስተኛ። ካፕሱሉን ከፍቶ ዱቄቱን በዓይን መክፈል መጠኑን ያዛባል፤ በጠብታ መልክ የሚመጣውን ፈሳሹን ትራማዶል ደግሞ ፋርማሲ አጣን። ጫትም መጠጥም የለም፣ ሌላ መድኃኒትም አይወስድም። ሐኪሙን የፊታችን ሳምንት እናገኘዋለን፤ ከ50 ሚሊግራም ያነሰ ቅነሳ በምን መልክ፣ በስንት ቀን ልዩነት ቢደረግ ይሻላል?