በዱቤ የተሸጠ የስንዴ መውቂያ ማሽን፦ ባለዕዳው ሳያሸሸው በወረዳ ፍርድ ቤት እንዴት ይያዛል?

የጅሩ ልጅ (እነዋሪ)
ጤና ይስጥልኝ። የስንዴ መውቂያ ማሽን በዱቤ ተሸጧል። ውሉ በጽሑፍ ነው፤ ሻጭ፣ ገዢና ሁለት ምስክሮች ፈርመውበታል። «ዋጋው ተከፍሎ እስኪያልቅ ማሽኑ ለዕዳው መያዣ ነው፤ በቀኑ ካልተከፈለ ሻጭ መልሶ ይወስዳል» ይላል። ገዢው የመጀመሪያውን ከፍሎ አቆመ። አሁን ማሽኑን ወደ መርሐቤቴ ሊያወርደው ነው እየተባለ ነው። ውሉን ይዞ ሄዶ ማንሳት ይቻላል? ካልተቻለስ ምን ተብሎ ይከሰሳል?

አፈጻጸም ችሎት (ደብረ ብርሃን)
ወንድሜ፣ በጉልበት እንዳታነሳው። በተንቀሳቃሽ ንብረት ላይ ስለሚያዝ ዋስትና የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ያለ ፍርድ ቤት መረከብን የሚፈቅደው ባለዕዳው በውሉ በጽሑፍ ከተስማማ፣ ማስጠንቀቂያ ከደረሰው እና በርክክቡ ሰዓት ማሽኑን የያዘው ሰው ካልተቃወመ ነው። «አልሰጥም» ካለህ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ወደ ፍርድ ቤት ተመለስ። ጎትተህ ከወሰድከው በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1149 «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ ይከስሃል። ያን ጊዜ ገንዘብ ጠያቂው አንተ ሆነህ ሳለ ተከሳሽ ትሆናለህ።

ዋናው ጉዳይ እግዱ፣ ማለት ማሽኑ እንዳይሸሽ ፍርድ ቤቱ የሚሰጠው ትእዛዝ ነው። ክሱን በምትከፍትበት ዕለት በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 151 እና ተከታዮቹ መሠረት «ንብረቱ ከፍርድ በፊት ይከበርልኝ» የሚል አቤቱታ በቃለ መሐላ አስደግፈህ አብረህ አቅርብ። «ሊያሸሸው ይችላል» ብቻ አይበቃም፤ ማን እንደነገረህ፣ ወዴት ሊወስደው እንደሆነ፣ መቼ እንደሰማህ ጻፍ። ትእዛዙ ሲወጣ ግልባጩ ለወረዳው ፖሊስና ለቀበሌው እንዲደርስ ጠይቅ። መዝገብ ውስጥ የቀረ እግድ መኪና ላይ የተጫነ ማሽን አያስቆምም።

ብዙ እግድ የሚከሽፈው «አንድ ቀይ መውቂያ» ተብሎ ስለሚጻፍ ነው። ሞተሩ ላይ የተመታችው ቆርቆሮ በቅባትና በገለባ ተሸፍና ትኖራለች፤ ከሽያጩ ጊዜ ፎቶ ወይም ደረሰኝ ካለህ የሞተር ቁጥሩን ከዚያ ውሰድ። ሞዴሉን፣ ጎማውን፣ ባትሪውን፣ ቺንጊያውን ለየብቻ ዘርዝር። ሞተሩ ተፈቶ ባዶ አካሉ ብቻ የሚገኝበት ጊዜ አለ።

ሕግ አዋቂ
የክሱ ዓይነት ላይ ልጨምር። ገንዘቡን ብቻ የምትጠይቅ ከሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 በአጭር ሥነ ሥርዓት ክሰስ። ተከሳሹ ለመከራከር መጀመሪያ ፈቃድ ማግኘት አለበት፤ «እከፍላለሁ፣ ጊዜ ስጡኝ» ለፈቃድ የሚበቃ መከላከያ አይደለም። «ማሽኑን ያስረክበኝ» ብለህ ከጨመርክ ግን ከአጭሩ መንገድ ትወጣለህ። ስለዚህ ሌላ አበዳሪ ከሌለ ገንዘቡን በአጭሩ ጠይቅ፣ ማሽኑን በእግድ ያዝ፣ ከፍርድ በኋላ በአፈጻጸም (ፍርዱን በማስፈጸም) አሽጥ። ሌላ አበዳሪ ካለ ግን በመደበኛው ክስ የመያዣና የቀደምትነት (ከሌላ አበዳሪ ቀድሞ የመከፈል) መብትህ እንዲረጋገጥ መጠየቁ ይሻላል፤ ቢዘገይም።

ቀደምትነት ከተነሳ፣ የዋስትና መብትህ በብሔራዊ ባንክ ሥር ባለው መዝገብ ተመዝግቧል? ካልተመዘገበ ዛሬውኑ አስመዝግብ። ማሽኑ ዋስትና መሆኑን ሳያውቅ ዋጋ ከፍሎ የተረከበ ገዢ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1161 ቅን ልቦና ሊከራከርህ ይችላል።

ወለድ በውሉ ካልተጻፈ ሕጋዊው በዓመት 9 በመቶ ነው (ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1751)። በክሱ መጨረሻ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 92 የእውነትነት ማረጋገጫውን ጽፈህ ፈርም፤ ሬጅስትራሩ (የፍርድ ቤቱ መዝገብ ተቀባይ) መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

የጅሩ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ። ሚስቱ ውሉ ላይ አልፈረመችም፤ ችግር አለው?

አፈጻጸም ችሎት (ደብረ ብርሃን)
አለው። «የጋራ ንብረታችን ነው፣ አልተስማማሁም» ብላ በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 418 መቃወሚያ ልታቀርብ ትችላለች። የአንተ መልስ ማሽኑ ወደ ቤታቸው የገባው በዚሁ ውል፣ በዚሁ ዕዳ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ የሽያጩንና የመያዣውን ሰነድ አትለያያቸው። ባለዕዳውም «የሥራ መሣሪያዬ ስለሆነ በዚሁ ሕግ ቁጥር 404 አይያዝም» ሊል ይችላል፤ ራሱ ፈርሞ ማስያዙን አሳይ።

ከፍርድ በኋላ የአፈጻጸም ማመልከቻውን አታሳድር። ግምቱ ሲሠራ እዚያው ተገኝ። ግምቱ ከገበያ በላይ ከተሰቀለ ተጫራች ይጠፋል፣ ሐራጁም ይደገማል። መውቂያ ደህና ዋጋ የሚያወጣው አጨዳው ሳይደርስ፣ ከኅዳር በፊት ነው፤ ቀጠሮው ወደዚያ እንዲቀርብ በጽሑፍ ጠይቅ። ከሽያጩ የተረፈ ካለ ለባለዕዳው ይመለሳል፤ ከጎደለ ቀሪውን ከሌላ ንብረቱ ትጠይቃለህ።