ፓፈር አሳ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ይኖራል?

የኮዬዋ፦
ሰላም የአሳ ወዳጆች! ያ ሲደነግጥ እንደ ኳስ የሚነፋው ፓፈር ልቤን ወስዶታል። ጎልድፊሽ አሳድጌ አውቃለሁ፣ የጨው ውሃ ግን ለእኔ አዲስ ነው። ቤቴ ኮዬ ፈጬ ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ያለኝ አኳሪየም 200 ሊትር ይይዛል። ውሃ በፈረቃ ነው፣ መብራትም ይጠፋል። በአፍዴራ ጨው ላዘጋጅለት እችላለሁ? ምንስ ላብላው?

ጨው ወዳዱ፦
እህቴ፣ 200 ሊትር አይበቃውም። ባለ እሾሁ ፓፈር አኳሪየም ውስጥ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ቢያንስ 450 ሊትር አስቢለት። ውሃው ብቻ ከአራት ኩንታል ተኩል በላይ ነው፣ ስለዚህ ፎቁ መቻሉን መጀመሪያ መሐንዲስ ጠይቂ። የአፍዴራው የወጥ ጨው ነው፤ የባህር ውሃ ውስጥ ያለው ማግኒዚየምና ካልሲየም በበቂ መጠን የለውም። ለባህር አሳ አኳሪየም የተዘጋጀውን ጨው ግዢ፣ ለአንድ ሊትር 35 ግራም ገደማ ይገባል። ከዚያ አሳ ሳታስገቢ ፊልተሩን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አስሪው። ከአሳ ቆሻሻ የሚወጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ የሚበሉት ባክቴሪያዎች እስኪበዙ ነው፣ በዚህ አትቸኩይ።

ሱሉልታ፦
እኔን ግን የሚያሳስበኝ መብራቱ ነው። እኛ ያለነው ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው፣ እዚህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ከባህር ዳርቻው በሩብ ገደማ ያነሰ ነው፣ ጨውና ሙቀት ሲጨመሩበት ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል። ፓፈር በልቶ አይጠግብም፣ ውሃውንም ቶሎ ያቆሽሻል። ፓምፑ ሌሊት ቆሞ ካደረ ጠዋት አሳው ላይ ላዩን አፉን እየከፈተ ታገኚዋለሽ። በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ አሳውን ከመግዛትሽ በፊት ይኑርሽ። ለውሃ መቀየሪያም አንድ በርሜል ሁሌ ሞልተሽ አስቀምጪ።

እማማ ዓሣ፦
ልጄ፣ ጥርሱን እንዳትረሺ። ዕድሜ ልኩን ያድጋል፣ የሚሰብረው ጠንካራ ነገር ካጣ አፉን ይዘጋበትና በረሃብ ይሞታል። ሽሪምፕ ከነቅርፊቱ፣ ክራብ፣ ቀንድ አውጣ ስጪው። ከጓሮ የተለቀመ ቀንድ አውጣ ግን ይቅር፣ ፀረ ተባይ ሊኖርበት ይችላል። ስታዛውሪው በመረብ አታውጪው። አየር ስቦ ከተነፋ ማስወጣት ሊያቅተው ይችላል፣ በባልዲ ከነውሃው ቅጂው። ልጆችም እንዲነፋላቸው ብለው አያስደንግጡት፣ ያሠቃየዋል። ከሞተ ደግሞ ድመት እንዳትበላው፣ መርዙ ይገድላል።

የኮዬዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ እማማ። ጨው የማይፈልግ ፓፈርስ አለ?

ሱሉልታ፦
አለ፣ እዚሁ አገራችን! ፋሃካ ይባላል፣ ኦሞ ወንዝና ቱርካና ሐይቅ ውስጥ ይኖራል። ጨው አይፈልግም። ግን 40 ሳንቲ ሜትር ሊደርስ ይችላል፣ ኃይለኛ ስለሆነም ከሌላ አሳ ጋር አይቀመጥም። ለእሱም ቢሆን ሰፊ አኳሪየም ያስፈልግሻል።