«መከታዬ ነው» እና «አለኝታዬ ነው»፦ ልዩነት አላቸው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባሕር ዳር ጊዮርጊስ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እናት «ጠላቴ በዝቷል፤ እሱ ግን መከታዬ ነው» ሲሉ ሰማሁ። እኛ ቤት «አለኝታዬ» ነው የሚባለው። ሁለቱ አንድ ናቸው?

መልስ፦ አንድ አይደሉም ወንድሜ። መከታ «መከተ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ወጣቶች ዱላ ሲጫወቱ አይተህ ከሆነ፣ አንዱ ሲሰነዝር ሌላው ዱላውን በሁለት እጁ አግድም ይዞ ከግንባሩ በላይ ያነሣል። መመከት ማለት ይሄ ነው። ምቱ መጥቷል፣ «ቋ» ሲልም ይሰማል፤ ራስ ላይ ግን አላረፈም። እኒያ እናት ጠላት የለኝም አላሉም፤ ጠላቴን አጥፋልኝም አላሉም። የሚሰነዘርብኝን የሚቀበልልኝ አለ ነው ያሉት። እግዚአብሔርን የታመነ ሰው ዱላ አይሰነዘርበትም የሚሉ ሰዎች ይህን ቃል ልብ ቢሉት እወድ ነበር።

አለኝታ ግን «አለኝ» ከማለት የመጣ ነው፤ ጠላት ኖረም አልኖረም ይነገራል። ልጅ ለእናቱ አለኝታ ነው።

ሌላ መልስ፦ መጠጊያን አትርሱ እንጂ! መዝሙረ ዳዊት 3 ዳዊት ከገዛ ልጁ ከአቤሴሎም ሲሸሽ የዘመረው ነው። ግዕዙ «ምስካይየ» ይላል፣ አማርኛው «መጠጊያዬ»። መከታ ከቆምክበት ይጋርድሃል፤ መጠጊያ ግን ሸሽተህ የምትገባበት ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጦርነት ንዋያተ ቅድሳቱ ወደ ጣና ደሴቶች እንደተሻገሩ አበው የሚነግሩንም በዚሁ መንፈስ ነው። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ደግሞ እዚያው መዝሙር ላይ ያለው ነው፤ ያ ሁሉ ሕዝብ ከቦት ዳዊት ተኛ፣ አንቀላፋ፣ ነቃ። እግዚአብሔር ደግፎኛልና ይላል። መሸሹንም አልደበቀም፣ እንቅልፉንም አላጣም።

ጥያቄ፦ እግዜር ይስጥልኝ። በሐሰት ለተከሰሰ ጓደኛዬስ የቱን ልበለው?

መልስ፦ «እግዚአብሔር መከታ ይሁንህ» በለው፤ ችሎት ለሚቆም ሰው የሚስማማው እሱ ነው። «እግዜር ይየው» የሚባለው ስለ በዳዩ ነው፤ ፍርዱን ለላይኛው መስጠት ነውና እሱን ጓደኛህ ራሱ ሲፈልግ ይበለው።