ለቧንቧ መስመር የንድፍ ሙቀት ሲወሰን 30 ዲግሪ መጨመር ይበቃል?

ጥያቄ፦
ከሙቀት መለዋወጫ ወጥቶ ወደ ማጠራቀሚያ ታንክ የሚሄድ የዘይት መስመር እየነደፍኩ ነው። ዘይቱ ወደ መለዋወጫው በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይገባና በ60 ዲግሪ ይወጣል። በ60 ላይ 30 ጨምሬ የመውጫውን ቧንቧ የንድፍ ሙቀት (ቧንቧው እንዲችለው ታስቦ የሚነደፍበትን ከፍተኛ ሙቀት) 90 ዲግሪ ባደርገው ይበቃል ወይስ የዘነጋሁት ነገር አለ?

መልስ 1፦
30 ዲግሪ መጨመር የተለመደ ነው፤ የሚጨመረው ግን ቧንቧው ሊደርስበት በሚችለው ከፍተኛ ሙቀት ላይ ነው። የማቀዝቀዣው ውሃ ፓምፕ ቢቆም ወይም አንድ ኦፕሬተር የመለዋወጫውን ማለፊያ ቫልቭ (ዘይቱ በመለዋወጫው ውስጥ ሳያልፍ እንዲሄድ የሚያደርገውን) ቢከፍት፣ ዘይቱ ሳይቀዘቅዝ በ180 ዲግሪ ያልፋል። ስለዚህ 90 ዲግሪ በፍጹም አይበቃም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ታንኩ ነው፤ በግርጌው የተጠራቀመ ውሃ ካለ፣ ይህን ያህል የሞቀ ዘይት ሲደርስበት በቅጽበት ተንኖ የታንኩን ጣሪያ ሊገነጥለው ይችላል። እባክዎ ሙቀቱ ሲያልፍ መስመሩን የሚዘጋ መቆጣጠሪያ ያስቡበት።

መልስ 2፦
በዚህ እስማማለሁ፤ ሆኖም ቁጥሩን ያለ ምክንያት ከፍ ማድረግም ዋጋ ያስከፍላል። የግፊት ደረጃው ክላስ 150 የሆነ የተለመደ የካርቦን ብረት ፍላንጅ (ቧንቧዎችን በብሎን የሚያያይዝ ቀለበት) በ38 ዲግሪ 19.6 ባር ግፊት ሲችል፣ በ200 ዲግሪ የሚችለው 13.8 ባር ብቻ ነው። በመሆኑም ከፍተኛው ግፊትና ከፍተኛው ሙቀት በአንድ ጊዜ ይገጥሙ እንደሆነ ያጣሩ፤ በፍላንጆቹ መካከል የሚገባውን ማሸጊያ፣ የጋስኬቱንም ዓይነት አይርሱ።

መልስ 3፦
መስመሩ በእንፋሎት የሚጸዳ ከሆነ የእንፋሎቱም ሙቀት ይታሰብ።