ወንድሜ አሜሪካ ትንሽ ኮሌጅ ደርሶታል፣ ፕሮፌሰሮቹ ቀርበው ያስተምራሉ የሚባለው የምር ነው?

የደሴዋ
ሰላም የወሎ ልጆች። ታናሽ ወንድሜ አምና 12ኛን ጨርሶ ዘንድሮ ኦሃዮ ካለ አንድ ትንሽ ኮሌጅ ስኮላርሺፕ አገኘ፣ አልሃምዱሊላህ። እስከ ሚያዝያ 23 መልስ ስጡ ተብለናል ግን ቤት ውስጥ አልተስማማንም። አባቴ እዚሁ ህክምና ይማር፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ቦታ አራት አመት ምን ይሰራል ይላል፣ እናቴ ደሞ ምን እንደሚማር እንኳን ሳይታወቅ እንዴት ልጅ ይላካል ትላለች (ሜጀር የሚመርጠው ሁለተኛ አመት ላይ ነው አሉን)።

እኔን ያልገባኝ ሌላ ነው። የላኩለት ወረቀት ሁሉ ክፍሉ ትንሽ ነው፣ ፕሮፌሰሮቹ ተማሪውን በስም ያውቁታል፣ አብረው ሪሰርች ይሰራሉ ምናምን ይላል። እኔ እዚሁ ሀገር ነው የተማርኩት፣ አንድ ሴክሽን ከ60 በላይ ሆነን፣ ስላይድ እየተነበበልን፣ ሀንድአውት ኮፒ አድርገን፣ ሚድና ፋይናል ተፈትነን ወጣን። አድቫይዘሬ ሲኒየር ኤሴዬን ገልጦ ያነበበው አይመስለኝም፣ ፈርሞ ነው የመለሰልኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ የስንቱን ያንብብ። ስለዚ መምህር ቀርቦ ማስተማር ሲባል ምን እንደሚመስል አላየሁትም። የምታውቁት ካላችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ ማስታወቂያ ነው ወይስ የምር ልጁን ይለውጠዋል?

የኮምቦልቻ ልጅ
አብሽሪ እህቴ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። እኔ እንደዚ አይነት ኮሌጅ ነው የተማርኩት፣ ሌላ ስቴት ነው እንጂ። የምር ነው። ግን መምህራኑ ከሌላው ሰው የተለየ ደግ ስለሆኑ አይምሰልሽ፣ አሰራሩ ነው የሚያመጣው። አብዛኞቹ ማስተርስና ፒኤችዲ አይሰጡም፣ ስለዚ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ላይ የፕሮፌሰሩን ጊዜ የሚወስዱት የፒኤችዲ ተማሪዎች እዛ የሉም፣ ላብ ውስጥ አብሮት የሚሰራ ሰው ሲፈልግ ያለው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ብቻ ነው። መምህሩ ሲቀጠርም እድገት ሲያገኝም ማስተማሩ በደንብ ይታያል። ትልልቆቹ ጋ አንደኛ አመት ኬሚስትሪ በመቶዎች ሆነሽ አዳራሽ ትገቢና ወረቀትሽን የሚያርመው ብዙ ጊዜ ቲኤ ነው፣ መምህሩን የሚያግዝ የማስተርስ ወይ የፒኤችዲ ተማሪ ማለት ነው።

ማሳቹሴትስ ያለው ዊሊያምስ ኮሌጅ ቱቶሪያል የሚሉት ኮርስ አላቸው፣ ከኦክስፎርድ የመጣ አሰራር ነው፣ ሁለት ተማሪና አንድ ፕሮፌሰር በሳምንት አንዴ ይገናኛሉ፣ አንዱ የጻፈውን ያቀርባል ሌላው ይተቸዋል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይቀያየራሉ። መደበቂያ የለም፣ ሳታነቢ የገባሽ ቀን ወዲያው ይታወቅብሻል። ጋርፊልድ የሚባለው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት በ1856 እ.ኤ.አ. ከዛ ነው የተመረቀው፣ ለሱ ኮሌጅ ማለት ግንድ ላይ ባንዱ ጫፍ መምህሩ ማርክ ሆፕኪንስ በሌላው ጫፍ ተማሪው ሲቀመጡ ነው ብሏል ይባላል፣ እስከዛሬ ይጠቅሱታል። ኦሃዮ ደሞ ዉስተር ኮሌጅ አለ፣ እዛ ጎበዙ ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱ ተመራቂ የመጨረሻ አመት ላይ ካንድ መምህር ጋ እየተገናኘ የራሱን ጥናት ይሰራል፣ ሲያስረክብ ከረሜላ ይሰጡትና በሰልፍ እየጨፈሩ ያከብሩታል።

የኔን ልንገርሽ። አንደኛ አመት የታሪክ ወረቀት ጽፌ ሲመለስልኝ ግሬድ የለውም፣ ዳር ዳሩ በእርሳስ ጥያቄ ብቻ ነው፣ ይሄን ከየት አወቅከው፣ ካንተ ጋ የማይስማማ ሰው ምን ይልሃል። መምህሬ ቢሮ ሄጄ አንድ ሰአት ሙሉ ስለ አንዲት አንቀጽ ብቻ አወራን፣ ሌላውን ገጽ አልነካችውም። ከዛ በፊት ማንም ጽሁፌን እንደዛ አንብቦልኝ አያውቅም። እንደገና ጻፍኩት፣ መለሰችልኝ፣ እንደገና ጻፍኩት። ዛሬ ስራ ላይ ሪፖርት ስጽፍ የሷን ጥያቄ ነው ራሴን የምጠይቀው።

አንድ ነገር ለወንድምሽ አደራ በይልኝ። የኛ ልጅ መምህር ቢሮ የሚሄደው ሲጠራ ወይ ግሬዱ ሲበላሽ ነው። እዛ ኦፊስ አወር፣ መምህሩ ለተማሪ ብሎ ቢሮው የሚቀመጥበት ሰአት ማለት ነው፣ የኮርሱ ግማሽ ነው፣ የማይሄድ ልጅ እዛም ሆኖ እንደ 60ው ሴክሽን ተምሮ ሊወጣ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ይሂድ፣ ጥያቄ ባይኖረውም ሰላም ብሎ ይቀመጥ።

መምህሩ ከወልድያ
ከላይ ያለው ወንድሜ ልክ ብሏል ግን የአባትሽም ነገር መታየት አለበት። ልጁ ሀኪም መሆን ከፈለገ እዛ ህክምና ቀጥታ አይገባም፣ አራት አመት ዲግሪ ከዛ ሌላ አራት አመት ሜዲካል ስኩል ነው፣ ብዙዎቹ ሜዲካል ስኩሎች ደሞ የውጭ ተማሪ አይቀበሉም። ኢንጂነሪንግም ብዙዎቹ ትናንሽ ኮሌጆች የላቸውም፣ እንደ ስዋርዝሞር ያሉ ጥቂቶች አላቸው። የኮርስ አይነትም ከትልቅ ዩኒቨርሲቲ ያንሳል። ስኮላርሺፑ የጤና ኢንሹራንሱንና ትኬቱን ይሸፍን እንደሆነ፣ ለአራቱም አመት መሆኑን በጽሁፍ ጠይቁ፣ ግቢ ውስጥ ሰርቶ ይሞላዋል እንዳትሉ የተማሪ ቪዛ ትምህርት ላይ እያለ በሳምንት ከ20 ሰአት በላይ አያሰራም። ስሙን ማን ያውቀዋል ለሚለው፣ ተመልሶ ሲመጣ የውጭ ዲግሪን አቻ ግምት የሚሰጠው ትምህርትና ስልጠና ባለስልጣን ነው፣ እሱን የሚያሳስበው ተቋሙ እውቅና ያለው መሆኑ ነው።

አሜሪካ ሩቅ ነው ከተባለ ለታናናሾቹም የሚሆን ጋና ውስጥ አሸሲ የሚባል አለ፣ ስዋርዝሞር የተማረ ፓትሪክ አዉዋ የሚባል ጋናዊ በ2002 እ.ኤ.አ. የከፈተው፣ በዚሁ መንፈስ ነው የሚያስተምሩት።

እኔ ራሴ ስለ ቱቶሪያሉ ካነበብኩ በኋላ አንድ ኮርስ ላይ ሞከርኩት። አሳይመንት በግሩፕ ሰብስቤ ከማርም ሁለት ሁለት እየሆኑ ሁለት ገጽ ጽፈው ቢሮ መጥተው እንዲያስረዱኝ አደረግኩ። ሳምንቱን ሙሉ ምሳ እንኳን በቅጡ አልበላሁም፣ በየሴሚስተሩ ለሁሉም ኮርስ አይቻልም፣ ይሄን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ግን አንዲት የደላንታ ልጅ ነበረች፣ ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ፣ ወረቀቷን ይዛ ገብታ የጓደኛዋን ሀሳብ መስመር በመስመር እየጠቀሰች ስታፈርሰው ዝም ብዬ አየኋት። ያቺን ልጅ በፋይናል ወረቀቷ ብቻ ቢሆን ሲ ሰጥቻት አልፌ ነበር።

የየጁው
ልጄ፣ እናትሽ የምታውቀውን ነገር እኮ ነው የሚያወሩት። እነ ዳና፣ ጀማ ንጉሥ ያሉት የወሎ የእስልምና ትምህርት ቦታዎች ደረሳው፣ ተማሪው ማለቴ ነው፣ ከስንት ሀገር በእግሩ ሲመጣ ቦታው ሸጋ ነው ብሎ አልነበረም፣ ሸኹን ብሎ ነው የሚመጣ። ኪታቡን ይዞ ፊታቸው ቁጭ ይላል፣ ያነባል፣ ያቃኑታል፣ ሳይገባው ወደሚቀጥለው አይሄድም። ዋድላም ቅኔ ቤት እንደዛው ነው፣ ተማሪው ጉባኤ ቃናውን፣ አጭሯን የጀማሪ ቅኔ፣ ሲቆጥር ማለት ሲያሰናዳ አድሮ ለየኔታ ይነግራል፣ የኔታ የያንዳንዱን ሰምተው ያርማሉ፣ ማን የት እንደሚሰናከል ያውቃሉ። ሐይቅ እስጢፋኖስም በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ዘንድ ከየሀገሩ የተሰበሰበው ለዚሁ ነው። ትምህርቱ ሌላ ነው፣ ሀገሩም ሌላ ነው፣ ልጅን ካንድ አዋቂ ፊት ማስቀመጡ ግን ለኛ ሰው አዲስ አይደለም። እንዲህ ብለሽ አስረጃት፣ ይገባታል።

የደሴዋ
ሁላችሁንም ጀዛኩሙላህ። ጋሼ የጻፉትን ለእማ አነበብኩላት፣ አባቷ ደረሳ ነበሩ፣ ዝም ብላ ሰምታ ታዲያ ይሄን ልጅ የሚያቀራው ማነው አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከመወሰናችን በፊት ማን እንደሚያስተምረው ማወቅ ይቻላል?

የኮምቦልቻ ልጅ
ይቻላል እህቴ፣ እናትሽ ትክክለኛውን ነው የጠየቀችው። ዌብሳይታቸው ላይ የሚፈልጋቸውን ሁለት ሶስት ዲፓርትመንት ይክፈት፣ መምህራኑ በስም ከነኢሜይላቸው አሉ። አንድ ሁለቱን መርጦ ራሱ ይጻፍላቸው፣ አንቺ እንዳትጽፊለት። አጭር ይሁን፣ ተቀብላችሁኛል፣ ይሄ ይሄ ነገር ይስበኛል፣ አንደኛ አመት ኮርስ እርሶ ያስተምራሉ ወይ፣ ክፍሉ ስንት ተማሪ ነው፣ አንደኛ ወይ ሁለተኛ አመት ተማሪ አብሮዎት ሪሰርች ሰርቶ ያውቃል ወይ ብሎ። አድሚሽን ቢሮውንም ሀበሻ ተማሪ ካለ አገናኙኝ ይበላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ያገናኛሉ። ፕሮፌሰሩ በሳምንት ውስጥ ራሱ ከመለሰለትና ካንተስ ምን አንብበሃል ብሎ ከጠየቀው ሂድ በይው። ከአድሚሽን ቢሮ ተገልብጦ የመጣ መልስ ብቻ ከሆነ ግን እንደገና አስቡበት። ጊዜው አጭር ስለሆነ ዛሬውኑ ይጻፍ።