ማስታገሻውን ሳቆም ራሴን ይብስብኛል

34 ዓመቴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የምውል የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ራስ ምታቱ ድሮ በወር ሁለት ሦስቴ ነበር፤ አሁን በሳምንት አምስት ቀን ሆኗል። ጠዋት ስነሳ ግንባሬን እንደ ገመድ ጠፍሮ ይዞኝ ነው። ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም ሁለት ፍሬ እውጣለሁ፤ ካልተወኝ ከሰዓት አይቡፕሮፌን 400 እደግማለሁ። እንዲህ ስል ስድስት ወር አለፈኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ቁልፌ ቢጠፋ እንኳ ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አይጠፋም።

ዓይኔን ታይቻለሁ፣ ደም ግፊቴም ደህና ነው። በቀደም ፋርማሲስቷ «በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት ከወሰድሽ ራሱ መድኃኒቱ ራስ ምታት ያመጣል» አለችኝ። ደንግጬ በአንዴ ተውኩት፤ ቡናውንም አብሬ (ሞኝነት ነበር መሰለኝ)። በሦስተኛው ቀን አስመለሰኝ፣ ከሥራ ቀረሁ፣ ማታ ተሸንፌ ዋጥኩ።

በዚህ ያለፋችሁ ወይም ሐኪም የሆናችሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሥራ ሳልቀር እንዴት ልለፋቸው?