ዖዛን በየትኛው ዓምድ ልጻፈው?

ባለደብተሯ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ሂሳብ ነው። ገቢና ወጪ መለየት ስለለመደብኝ መጽሐፍ ቅዱስን ለብቻዬ ማጥናት ስጀምር ደብተሬን መሃል ለመሃል አሰመርኩት። በቀኝ «ፍቅር»፣ በግራ «ፍርድ»። ከዘፍጥረት ጀምሬ ያነበብኩትን እየለየሁ እጽፋለሁ። አትሳቁብኝ።

እስከ 1ኛ ሳሙኤል መጨረሻ እንደምንም ደረስኩ። የኖኅ ታሪክ ሁለቱንም ዓምድ ቢጠይቀኝም አለፍኩት። 2ኛ ሳሙኤል 6 ላይ ግን ቀጥ አልኩ። ንጉሥ ዳዊት ታቦቱን በሰረገላ ወደ ከተማው እያስመጣ ነው። በሬዎቹን አደናቀፋቸው። ዖዛ እጁን ዘርግቶ ያዘው፤ እዚያው ሞተ። ሰውየው ሊወድቅ ያለውን ደገፈ እንጂ ምን አደረገ? እኔም ብሆን እይዘው ነበር። እጄ ከሐሳቤ ይቀድም ነበር።

አንድ የማከብራቸውን ሰው ብጠይቅ «እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት ደብተሩን አልከፈትኩም። ፍርድ ስር እንዳልጽፈው ጥፋቱ አልታየኝም። ፍቅር ስርማ እንዴት ብዬ! እናንተ እንዲህ ያለ ቦታ ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

ኅዳግ አንባቢ፦
እህቴ፣ ምዕራፉን ብቻውን አታንብቢው። ዘኍልቍ 7ን ክፈቺ። ስጦታ መቁጠር ስለሚያበዛ ብዙ ሰው የሚዘለው ምዕራፍ ነው። የእስራኤል አለቆች 6 ሰረገላና 12 በሬ ያመጣሉ። ሙሴ ለሌዋውያኑ ያከፋፍላል፤ ለጌድሶን ልጆች 2 ሰረገላ፣ ለሜራሪ ልጆች 4 ይሰጣል። ለቀዓት ልጆች ግን ምንም። ለምን? የእነሱ ድርሻ ታቦቱን ጨምሮ ንዋየ ቅድሳቱ ነዋ፤ በትከሻ ነው የሚሸከሙት። እንዳይሞቱ ንዋያቱን እንዳይነኩም ዘኍልቍ 4፥15 አስቀድሞ አስጠንቅቋል።

ስለዚህ ጥፋቱ የጀመረው በሬዎቹ ሲደናቀፉ አይደለም፤ ታቦቱ ሰረገላ ላይ ሲወጣ ነው። «አዲስ ሰረገላ» የሚለውን 1ኛ ሳሙኤል 6 ላይ ታገኚዋለሽ። ፍልስጥኤማውያን የማረኩትን ታቦት ሲመልሱ የተጠቀሙበት ዘዴ ነው። እነሱ ሕጉ አልተሰጣቸውም። እስራኤል ግን ተሰጥቶታል። ዘዳግም 17 እንዲያውም ንጉሡ የሕጉን ቅጂ ለራሱ ጽፎ ዕድሜ ልኩን እንዲያነበው ያዛል። ዳዊትም በኋላ 1ኛ ዜና መዋዕል 15 ላይ እንደ ሥርዓቱ እንዳልሄዱ ያምናል። ሁለተኛው ጉዞ በትከሻ ሆነ።

ባለደብተሯ፦
አመሰግናለሁ፣ ይሄን በፍጹም አላየሁትም ነበር። ዘኍልቍ 7ን እኔም ዘልዬዋለሁ፤ የሂሳብ ሰው ሆኜ ቁጥር መዝለሌ ያሳፍራል። ግን አንድ ነገር አልዋጥ አለኝ። የጉዞው መሪ ዳዊት፣ የሞተው ዖዛ። ኦዲት ላይ እንዲህ ቢገጥመኝ እጮሃለሁ።

ዘግይቶ የመጣ፦
ጩኺ! ዳዊትም ቅር ብሎታል፣ ፈርቷልም። ታቦቱን ወደ ከተማው ማስገባቱን እስኪተው ድረስ። ይሄ አልተደበቀም፣ ተጽፏል። አብርሃም ስለ ሰዶም ከ50 ተነስቶ እስከ 10 ሲለምንና ሲከራከር ማን ዝም በል አለው? «አይጠየቅም» ያሉሽ ሰው ዘፍጥረት 18ን ምን እንደሚያደርጉት እንጃ።

የዖዛን ነገር ጨርሼዋለሁ አልልም። ኅዳግ አንባቢ ያለው ልክ ነው፤ ሕጉን ያሳያል፣ ልብ ግን አያሳርፍም። እኔን የሚያስቸግረኝ የደብተርሽ መስመር ነው። እስቲ ዘፀአት 22ን ለይተሽ ጻፊ። ድሀ ልብሱን መያዣ ካስያዘ ፀሐይ ሳትገባ መልስለት ይላል። ያለው መሸፈኛ እሱ ብቻ ነው፣ ምን ለብሶ ይተኛል? ይላል። እንግዲህ ይሄ ሕግ ነው ወይስ ርኅራኄ? ትንሽ ከፍ ብሎ ደግሞ መበለትንና ድሀ አደግን የሚያስጨንቅ ላይ ቁጣው እንደሚነድ ይናገራል። ስለማይወድ አይደለም የሚቆጣው። ጩኸታቸውን ስለሚሰማ ነው። ዳኛው ለተበደለው ካልተቆጣ የተበደለው ፍቅሩን በምን ያውቃል?

መዝሙር 136ንም እዪው። የግብፅ በኵር መመታቱ እንኳ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ተብሎ ነው የሚዘመረው። ለባሪያው ነጻነት ነው። ለግብፃዊቷ እናትስ? እዚያ ላይ እኔም እቆማለሁ። ዓመታት ሆነኝ።

ዝምተኛው፦
ሁላችሁም የ2ኛ ሳሙኤል 6ን ቁጥር 11 ረሳችሁት። ያው ታቦት አቢዳራ በተባለ የጌት ሰው ቤት ሦስት ወር ተቀምጦ ቤቱ በሙሉ ተባረከ። እዚያው ምዕራፍ ላይ ነው። ዖዛ ላይ ስንደነግጥ እሱን ሳናየው እናልፋለን።

ባለደብተሯ፦
ዛሬ ማታ ደብተሩን ከፈትኩ። መጀመሪያ ዘፀአት 34፥6 እና 7ን ለመከፋፈል ሞከርኩ። መሓሪ፣ ለቁጣ የዘገየ፣ ኃጢአትን ይቅር የሚል፤ ወዲያው ደግሞ በደለኛውን ሳይቀጣ የማይተው። ስሙን ራሱ ሲናገር በአንድ ትንፋሽ ነው ሁለቱንም ያለው። መስመሩን አቋርጬ ገጹን ሙሉ ጻፍኩት። ብዕሬ መስመሩ ላይ ሲደርስ ቅር አለኝ፤ የሙያ በሽታ።

ዖዛን ከስሩ በእርሳስ ጻፍኩት። አጠገቡ ዘኍልቍ 7፥9 አለ፣ ቁጥር 11ም አለ፣ የእኔ «ለምን እሱ?» የምትለዋም አለች። አልሰረዝኳትም።

ኅዳግ አንባቢ፣ ሌሎች የሚዘለሉ ምዕራፎችን ጻፍልኝ። ከዚህ በኋላ ከእነሱ ነው የምጀምረው።